የውስጠኛው ሸራ

በመስቲያ ቁልቁለት፣ ከድንጋይ ግንቦቹ ሥር፣
ዴሊካችን ሲወርድ ያፏጭ ነበር።
አባቴ ቺቺኮ፣ "ጤዛ ነው" አለ፣
"ጠዋት ያፏጫል፣ ቀን ሲሞቅ የለ።"
እናቴ ናዚብሮላ ድንች እየላጠች
ቢላዋዋን አቁማ ጆሮዋን ሰጠች።
ጤዛው በረገፈ፣ ፀሐይ በከረረ ሰዓት
ያው ፉጨት፣ በዚያው ኩርባ፣ በዚያው ቁልቁለት።

በሳምንቱ ፉጨቱ ቀረ።
"አላልኩሽም? ዳነ!" ብሎ ፎከረ።
ከፉጨቱ ቀጥሎ የመጣው ማጓራት
ብረት ብረት ሲግጥ ነው፤ እሷ ገብቷት ነበር ያን ዕለት።

መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣
መርገጫውም ከትናንቱ ዝቅ ይል ነበር።
እሱ ግን ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ፣
ከዘፈኑ ሥር ጩኸቱን ሸሽጎ፣
ጎብኚ አሳፍሮ ዙግዲዲ ይወርዳል፤
ማታ ተመልሶ "ደህና ናት" ይለናል።

እሑድ ለሠርግ ላታሊ ሄደ፣ በሌላ ሰው መኪና።
እናቴ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደች፦ "ባትሪውን ያዝና ና።"

ማርሽ አስገባች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች፣
ለኋላ ጎማዎች ታኮ ወተፈች፣
ቡሎኖቹን ገና መሬት ሳለ አላላች፣
ከዚያ በክሪክ አነሣች፤
ክሪክን ግን አታምንም፤ ከሥሩ ጉማጅ ግንድ አስገባች።
"ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ይከዳል" አለች።

ጎማው ወለቀ። ብርሃኑን አስጠጋሁ፣
የውጭውን ሸራ ዝቅ ብዬ አየሁ።
ወፍራም ነው፣ ግማሽ ጣት ይሆናል።
"እማ፣ አባባ እውነቱን ነው፤ ገና ዓመት ይሄዳል።"
"እሱ የእንግዳ ፊት ነው፤ ዙርና ከኋላው እይ።"
ዞርኩ። ሸራ የሚባል ነገር የለም እኮ፣ ወይ!
ራቁቱን የቀረ ብረት ዲስኩን አርሶታል፤
ጣቴን ባሳልፍ፣ ጥፍሬ ትልሙ ውስጥ ይገባል።

ጥፋተኛዋ ጣት የማታህል ዘንግ ነበረች፣
ዝጋ ተጣብቃ አልንሸራተትም ያለች።
ለሁለት የተባለውን ሸክም
አንዱ ብቻውን ተሸክሞት ከርሟል፤ ማንም አላየም።

እናቴ ያን ሸራ በመዳፏ ይዛ ቆየች።
ስለ መኪናው የምታስብ መስሎኝ ነበር። "አብራ እንጂ!" አለች።

ካሊፐሩን በሽቦ ከላይ አሰረች፤
"በቱቦው እንዳይንጠለጠል፣ ደም ሥሩ ነው" አለች።
ዘንጓን ፈግፍጋ ግራሶ ቀባች፣
የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፈተች፣
አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ ደግፋ
በሞርሳ መለሰችው፤ ገፍታ፣ አርፋ፣ ደግሞ ገፍታ፣ አርፋ።
አዲስ ዲስክና ሸራ ለካ ሐሙስ ገዝታለች፣
ከዱቄት ጆንያው ኋላ ሸሽጋለች።
የተበላው ዲስክ በሦስተኛው መዶሻ ለቀቀ፤
ከዚያ ደግሞ የግራው፤ ቀኙ ስላለቀ
ግራውን መተው የለም፣ መኪና ወደ ጎን ይስባል።
(የግራው ሸራ ደህና ነበር። እሱም ተለወጠ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤
ሃያ ላሪ ነበር።)

ሲመሽ ወንበሩ ላይ ወጥታ መርገጫውን ረገጠች።
እግሯ ወለሉ ድረስ ሰመጠ።
ከሥሩ ምንም አልነበረም።
የሰውነቴ ደም ሁሉ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም።
"አትደንግጥ፤ ፒስተኑ ሸራውን እየፈለገ ነው።
ይህን ሳያደርግ የሚነዳ ነው ገደል የሚገባው።"
ሁለተኛ። ሦስተኛ። በአራተኛው ቆመ፣
እንደ ግድግዳ ጠጠረ፣ እግሯን ተቃወመ።

ጠዋት ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ወረድን፤
ያንን ኩርባ ያለ አንዳች ድምፅ አለፍን።
"አላልኩህም?" አለኝ፣ "ጤዛ ነበር፣
ማን ነካው? ራሱ ዳነ!" ብሎ ሊዘፍን ሲጀምር
ሲጋራ ፍለጋ እጁን ኮት ኪሱ ከተተ።
ወረቀት የሳሳ ቀዝቃዛ ብረት አወጣ።
አገላበጠው።
ራዲዮኑን ዘጋው።
እስከ ታችኛው ድልድይ ወንዙን ብቻ ሰማን።